ሄዶ መመለስ፦ ድሮን ምን ያህል ይርቃል?

ካርቶኑ ላይ «10 ኪሎ ሜትር» የሚል ጽሑፍ አይቶ ድሮን የገዛ ሰው ከደጃፉ አስነስቶ 10 ኪሎ ሜትር የሚልከው ይመስለዋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተለካው ገላጣ ቦታ ላይ፣ ሌላ የሬዲዮ ሞገድ በማይረብሽበት ነው፤ የሚናገረውም ሲግናሉ የት ድረስ እንደሚዘልቅ እንጂ ድሮኑ ሄዶ ስለመመለሱ አይደለም። ለባለቤቱ ደግሞ ዋናው ነገር መመለሱ ነው።

እስቲ ለንደን፣ ባተርሲ ፓርክ ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ካለው የሰላም ፓጎዳ አጠገብ እንደቆምን እናስብ። ማሰብ ብቻ ነው፤ ወደ ምክንያቱ ኋላ እመለሳለሁ። ለንደን ውስጥ ነፋስ የሚበዛው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ድሮኑን ወንዙን አሻግረን ወደ ቼልሲ ስንልከው ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል። ድሮኑ በሰከንድ 10 ሜትር ይብረር፣ ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ይንፈስ። ሲሄድ በሰከንድ 15 ሜትር ይከንፍና በ5 ደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል። ሲመለስስ? ከ10ሩ 5ቱን ነፋሱ ይበላበታል፤ ያንኑ መንገድ ለመመለስ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። «ባትሪው ግማሽ ሲሆን እመልሰዋለሁ» ያለ ሰው ድሮኑን መንገድ ላይ ያጣዋል። ከፍ በተባለ ቁጥር ደግሞ ነፋሱ ይበረታል፤ መሬት ላይ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም ብሎ መዘናጋት አይገባም። እኔ የምመክረው ሲሄዱ ነፋሱን መጋፈጥ፣ ሲመለሱ በነፋሱ መታገዝ ነው።

ባትሪው ራሱ ብርድ አይወድም። በጥር ብርድ የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚዘገይ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል፤ እስኪነሳ ድረስ ኮት ኪስ ውስጥ ማሞቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ባተርሲ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፤ አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮፔለሮቹ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለባቸው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ወደ ሲግናሉ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ድሮኖች የሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋኸርዝ የቤት ዋይፋይም የሚሠራበት ሞገድ ነው። በቀድሞው የባተርሲ የኃይል ማመንጫ ዙሪያ የተደረደሩት አፓርታማዎች በዚሁ ሞገድ የተሞሉ ናቸው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ድሮኑ ከ100 ሜትር በላይ ከሚረዝሙት ከአራቱ የማመንጫው የጭስ ማውጫዎች ከአንዱ ጀርባ ከገባ ደግሞ ቅርብ ሆኖም ሊቋረጥ ይችላል። ሕግም ድርሻ አለው፦ በዚህ ሞገድ እንግሊዝ የምትፈቅደው የማሰራጫ ኃይል 100 ሚሊዋት ሲሆን አሜሪካ እስከ 1 ዋት ትፈቅዳለች። ያው አንድ ድሮን በሁለት አገር ሁለት የተለያየ የርቀት ቁጥር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ግን አንቴናው ላይ ነው፤ ጫፉን እንደ ጣት ወደ ድሮኑ ይቀስራል። የዘንግ አንቴና በጫፉ በኩል እጅግ ደካማ ነው፤ ጎኑ ነው ወደ ድሮኑ መዞር ያለበት።

አሁን «ማሰብ ብቻ ነው» ወዳልኩበት ምክንያት። በእንግሊዝ ሕግ ድሮን ከ120 ሜትር በላይ መውጣትም፣ ከአብራሪው ዓይን መሰወርም የለበትም። ትንሽ ድሮን ጥቂት መቶ ሜትር ሲርቅ ነጥብ ያህላል፤ ስለዚህ የካርቶኑ 10 ኪሎ ሜትር ለተራ አብራሪ ከሕግ ውጪ ነው። ባተርሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት ሄሊፖርት አለ። ዙሪያው የተከለለ የአየር ክልል ነውና ያለ ፈቃድ አንድ ሜትርም ቢሆን አያስነሱ።