ወላጆቻችን ሳይወድቁ እንጠይቃቸው

እናት ወይም አባት ሲወድቁ «የአላህ ቀደር ነው» እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ያሰበውን ሰው፣ አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ መክረውታል። ተወኩል ጥንቃቄን አያስቀርም።

በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ጥንቃቄ ያውቁታል። አንድ አዛውንት ሲገቡ የመውደቅ አደጋቸው ይገመገማል፤ ከወደቁ ወይም ጤናቸው ከተለወጠ ግምገማው ይደገማል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት የሞርስ መለኪያ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ በቅርቡ ወድቀዋልን? ከአንድ በላይ ሕመም አለባቸውን? ሲሄዱ ምን ይደገፋሉ? በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አላቸውን? አረማመዳቸው እንዴት ነው? አቅማቸውን ያውቃሉን? ምርኩዝ ለያዘ 15 ነጥብ ሲሰጥ፣ ወንበርና ጠረጴዛ እየተደገፈ ለሚሄድ ግን 30 ይሰጣል። ነጥቡ በበዛ ቁጥር አደጋው ይበዛል። ምርኩዝ መያዝ የሚያሳፍራቸውን እናቶቻችንን እዚህ ላይ እናስታውስ።

በአገራችን አብዛኞቹ አረጋውያን የሚኖሩት ከልጆቻቸው ወይም ከዘመድ ጋር ነውና ግምገማው የእኛ ድርሻ ነው። ከወንበር ተነሥተው፣ 3 ሜትር ተራምደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ ድረስ አጠገባቸው ሆነን ሰዓት እንያዝ። 12 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው ሐኪም ይያቸው። የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒቶች ሊያዞሩ ስለሚችሉ ሐኪሙን እንጠይቅ፤ በራሳችን ግን አናስቋርጣቸው። ለሱብሂ ሲነሡ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይቀመጡ፤ መብራት ይኑር። ውዱእ ተቀምጠው ያድርጉ፤ የፈሰሰው ውሃ ወዲያው ይወልወል። መቆም ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ዲናችን ፈቅዷል።

ግመልን ማሰር ማለት ግን ሰውን ማሰር አይደለም። በአሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፣ መጦሪያዎች ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ምቾት ሲባል አዛውንትን እንዳያስሩ ከልክሏል። እኛም «አይነሡ፣ ይቀመጡ» እያልን ስንውል እግራቸው ይደክማል፤ በተነሡ ጊዜም ይወድቃሉ።

ብዙዎች መውደቃቸውን የሚደብቁት ቁጣችንን ወይም ሸክም መሆንን ፈርተው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ «አባባ፣ ሰሞኑን አዳልጦዎት ነበር?» ብለን በለስላሳ ቃል እንጠይቅ። አላህ ወላጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ሐቃቸውን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።