የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስምና የጥናት መለኪያ

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ ተከትሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ አይደለም። አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ የሚቈጥሩት የውጭ አገር መዝገቦች ግን የኋለኛውን ስም ስለሚያስቀድሙ፥ የአንድ ደራሲ ሥራ በራሱና በአባቱ ስም ተከፍሎ ይገኛል።

ጉዳቱም በቍጥር ይታያል። የፊዚክስ ሊቁ ሂርሽ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መለኪያ፥ እያንዳንዳቸው 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ጽሑፎች ያሉት ሰው ልኩ 6 ይሆናል። ጽሑፎቹ በሁለት ስም ሦስት ሦስት ሆነው ቢመዘገቡ ግን የየስሙ ልክ 3 ብቻ ነው።

ስለዚህ ደራሲ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የተጀመረውን፥ ኦርኪድ የተባለውን ባለ16 አኀዝ መለያ ቍጥር ሊያወጣ ይገባል። ስሙ በልዩ ልዩ አኳኋን ቢጻፍም ቍጥሩ ስለማይለወጥ፥ ሥራዎቹን በአንድነት ለመሰብሰብ ይቻላል።