ትንሹ ፓርቲና የስሙ መዝገብ

የእንግሊዝን ካርታ ዘርግታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ብትመለከቱ፣ እንደ እግር ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የተዘረጋች ጠባብ ምድር ታያላችሁ። ስሟ ኮርንዎል ነው። በሦስት ወገን ባሕር፣ በአንድ ወገን ደግሞ ታማር የተባለው ወንዝ ያዋስናታል። ሕዝቧ ለብዙ ዘመን የቆርቆሮ ማዕድን በመቆፈርና ዓሣ በማጥመድ ኖሯል። ከእንግሊዝኛ የተለየ የራሱ ቋንቋም ነበረው፤ ይኸውም ቋንቋ በ18ኛው መቶ ዓመት ከሕዝቡ አፍ እየጠፋ ቢሄድም፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ወዳጆቹ ከአሮጌ መጻሕፍት እየለቀሙ እንደ ገና አስነሡት።

በዚህች ምድር፣ ሬድሩት በተባለችው ከተማ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው «ሜቢዮን ከርኖው» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ትርጓሜው «የኮርንዎል ወንዶች ልጆች» ማለት ነው። ይሁን እንጂ የወንዶች ልጆች ተብሎ የተሰየመውን ማኅበር መጀመሪያ የመሩት ሴት ነበሩ፤ ስማቸውም ሄለና ቻርልስ ይባላል። ማኅበሩ ቀስ በቀስ ወደ ፖለቲካ ፓርቲነት ተለወጠ።

ይህ ፓርቲ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ከእንግሊዝ ፈጽሞ ተለይቶ መንግሥት ለመሆን አይደለም። ስኮትላንድና ዌልስ እንዳገኙት ሁሉ፣ ኮርንዎልም ስለ ራሷ ጉዳይ የምትመክርበት የራሷ ምክር ቤት ይኑራት ይላል። ቋንቋው ይጠበቅ፤ የአገሩ ልጅ የሚኖርበት ቤት ይግኝለት ይላል። ባለጠጎች ለዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚገዙት ቤት በበዛበት የባሕር ዳርቻ፣ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መዝገቡ ነገር እንመለስ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ነገር ግን የወጣውን ስም የሚጠብቀው ሕግ ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1969 ድረስ በምርጫው ወረቀት ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ተወዳዳሪው ከስሙ አጠገብ ከ6 ቃላት የማይበልጥ መግለጫ እንዲጽፍ ፈቀደ። ማን የማንን ስም ይያዝ የሚል መዝገብ ግን አልነበረም። በ1994 ከኮርንዎል አጠገብ ባለችው በዴቨን፣ አንድ ሰው «ሊተራል ዴሞክራት» ነኝ ብሎ ለአውሮፓ ፓርላማ ተወዳደረ፤ ከ10 ሺህ በላይ ድምፅም አገኘ። የታወቀው ፓርቲ የ«ሊበራል ዴሞክራት» ዕጩ ግን በ700 ድምፅ ልዩነት ተሸነፈ። አንዲት ፊደል ምን ያህል እንደምትከብድ ተመልከቱ!

ከዚህ በኋላ በ1998 የፓርቲዎች መመዝገቢያ ሕግ ወጣ። የሚመዘገብ ፓርቲ መሪውን፣ ገንዘብ ያዡንና ዕጩ የሚያቀርብለትን ሹም ያሳውቃል፤ መተዳደሪያ ደንቡን ያቀርባል፤ 150 ፓውንድም ይከፍላል። ስሙ ሌላውን የሚመስል ወይም በላቲን ፊደል ያልተጻፈ ከሆነ አይመዘገብለትም። ስለዚህ በእኛ ፊደል የተጻፈ ስም ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው።

ታዲያ መዝገቡ ስምን ይጠብቃል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ለፓርላማ የሚወዳደር ሁሉ 500 ፓውንድ ማስያዝ አለበት፤ ከመቶ 5 እጅ ድምፅ ካላገኘ ገንዘቡ ይቀርበታል። በ2010 የፓርቲው መሪ ዲክ ኮል 2,007 ሰዎች መረጧቸው፤ ይህም ከመቶ 4.2 እጅ ስለ ነበር ገንዘቡ ቀረ። በ2015ቱ ምርጫ ደግሞ ፓርቲው በቴሌቪዥን ለመናገር በእንግሊዝ በ89 የምርጫ ክልሎች መወዳደር ነበረበት፤ ኮርንዎል ግን ያሏት 6 ብቻ ናቸው። ለራሱ አገር ብቻ የቆመ ፓርቲ ይህን እንዴት ሊያሟላ ይችላል? የሕጉ በር ለሁሉ እኩል የተከፈተ ቢመስልም፣ የሚገባበት ሰው ቁመት ግን እኩል አይደለም።

ቢሆንም ድካማቸው ሁሉ ከንቱ አልሆነም። በ2001 የምክር ቤቱን ጥያቄ የደገፉ 50 ሺህ ፊርማዎች ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀረቡ። ምክር ቤቱ ባይፈቀድም፣ ፓርቲውና ሌሎች ብዙዎች ከደከሙ በኋላ፣ በ2014 መንግሥት የኮርንዎልን ሕዝብ ራሱን የቻለ አናሳ ብሔረሰብ ብሎ ዐወቀ። በ2021 ደግሞ ፓርቲው ከአውራጃው ምክር ቤት 87 ወንበሮች 5ቱን አገኘ። ለፓርላማ ግን አንድም እንደራሴ አስመርጦ አያውቅም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ የፓርቲን ዋጋ በወንበሩ ብዛት ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ፓርቲ ከቁጥር አያገባውም። ነገር ግን ትንሽ ሕዝብ ጥያቄውን በጠብመንጃ ሳይሆን በወረቀት ሲያቀርብ፣ ከሰባ ዓመት በላይም ሳይሰለች ሲያቀርብ፣ ትልቁ መንግሥት ቢያንስ ስሙን ለመጥራት ይገደዳል። ስሙ ከተጠራ በኋላ ደግሞ የለም ሊባል አይችልም።