የጤፍ ዱቄት፣ የፓተንት መዝገብና 250 ሰከንድ

«ሆላንዶች ጤፍን በስማቸው አስመዘገቡ» የሚለው ወሬ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ብዙዎቻችን ተቆጥተናል፤ የተቆጣንበትን ሰነድ ገልጠን ያነበብን ግን ጥቂቶች ነን። ሰነዱ የተደበቀ አይደለም። ቁጥሩ 1646287 ሲሆን፣ በአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል።

መዝገቡ ክፍት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፓተንት በመሠረቱ ልውውጥ ነው፦ ፈልሳፊው ሥራውን፣ የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችልበት ዝርዝር፣ ለሕዝብ ይገልጣል፤ በአንጻሩም ለተወሰነ ዘመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት፣ ሌላው ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይጠቀምበት ሕግ ይከለክልለታል። የክልከላው ድንበር የሚታወቀው ከሰነዱ ርእስ ሳይሆን በተራ ቁጥር ከተዘረዘሩት የመብት ጥያቄዎች ነው።

የጤፉ ሰነድ የመጀመሪያ ጥያቄ ተክሉን አይጠይቅም። የሚጠይቀው እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ «የመውደቂያ ቁጥሩ» ቢያንስ 250 የሆነ ዱቄትን ነው። እኔ የሕግ ቋንቋ ስጠብቅ ያገኘሁት ፊዚክስ ነበር!

ይህ ቁጥር እንዴት ይለካል? 7 ግራም ያህል ዱቄት ከ25 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር በመስተዋት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ለ60 ሰከንድ ከተማሰለ በኋላ ማማሰያው ዘንግ ይለቀቅና በገዛ ክብደቱ የተወሰነ ርቀት እስኪወርድ ይጠበቃል። ከመነሻው ጀምሮ የተቆጠረው ጠቅላላ ሰከንድ የመውደቂያ ቁጥር ይባላል፤ ስለዚህ 250 ማለት ዘንጉ ለመውረድ 190 ሰከንድ ፈጅቶበታል ማለት ነው። ስታርቹ በሙቀት ሲያብጥ ድብልቁ ይወፍራል። በእህሉ ውስጥ አልፋ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ከበዛ ግን የስታርቹን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይቆራርጣቸዋል፤ ቪስኮሲቲው ይቀንስና ዘንጉ ቶሎ ይወርዳል። ብቅል ለጠላ የሚፈለገው ለዚሁ ኢንዛይም ሲሆን፣ የመውደቂያ ቁጥሩም እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሰነዱ እንደሚለው፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቢቆይ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ፈጠራ ነው ወይ የሚል ነው። ፓተንት ለማግኘት አዲስ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ እርምጃም ያስፈልጋል። መለኪያው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለስንዴ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ ወደ ጤፍ ማሻገሩ ለእኔ ትልቅ እርምጃ ሆኖ አልታየኝም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ባለመብቱ ኩባንያ ሌላውን የኔዘርላንድ ኩባንያ ከሶ ሳለ፣ የሄግ አውራጃ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት ይጎድለዋል ብሎ ሽሮታል። ኢትዮጵያ በዚያ ሙግት ተከራካሪ አልነበረችም።

ፓተንቱ የተሰጠው በጃንዋሪ 2007 ነበር። በአውሮፓ ሕግ ማንኛውም ሰው፣ የየትኛውም አገር ዜጋ ቢሆን፣ ፓተንት መሰጠቱ ከታወጀበት ዕለት አንሥቶ በ9 ወራት ውስጥ ተቃውሞ ሊያቀርብ ይችላል። በዚያን ጊዜ ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር በየአገሩ ፍርድ ቤት በተናጠል ይካሄድ ስለነበር፣ የሄጉ ፍርድ የተመለከተው ኔዘርላንድን ብቻ ነው። ማመልከቻው በ2004 የገባ ስለሆነ በሌሎቹም አገሮች 20 ዓመቱ አልፏል፤ ዱቄቱን ዛሬ ማንም በ250ም በ380ም ሊፈጨው ይችላል።