አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ እንዴት ይሸጣል?

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ያድራሉ፣ ጎንደርም በእንግዳ ትሞላለች። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎቹን በስልክ መተግበሪያ ያከራያል እንበል። የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላዋ ከዋሽንግተን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ክፍሉን ጠየቁ። ሁለቱም ከፈሉ፤ ለሁለቱም “ክፍልዎ ተይዟል” የሚል መልእክት ደረሳቸው። ከተራ ዕለት ሻንጣቸውን ይዘው አንድ በር ላይ ተገናኙ።

ሰው እንዲህ ሲገጥመው “ሲስተሙ ተሳሳተ” ይላል። ሲስተሙ ግን የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል ፈጽሟል። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉን የጻፈው ሰው ነው፤ ስህተቱም የተደበቀው ፕሮግራሙ መልስ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ቡና የምታፈላ ሴት ትበቃናለች። ጀበናው ፍም ላይ ተጥዶ እስኪፈላ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፤ ስኒ ታለቀልቃለች፣ ቆሎ ታቀርባለች፣ ዕጣን ታጨሳለች። ሴትየዋ አንድ ናት፤ በመጠበቂያው ጊዜ ግን ሌላ ሥራ ሠራችበት። አሲንክሮነስ ፕሮግራሚንግ የሚባለው ይኸው ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ እስኪረጋገጥ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ፣ ኮምፒውተር በሦስት ሰከንድ የስንቱን ጥያቄ ያስተናግዳል! ስለዚህ በፓይተንም ሆነ በጃቫስክሪፕት “አዌይት” የሚል ትእዛዝ አለ፦ መልሱ እስኪመጣ ይህን ሥራ አቆየው፣ እስከዚያው ሌላውን ሥራ ማለት ነው።

አሁን የማረፊያውን ፕሮግራም እንየው። መጀመሪያ “ነፃ ክፍል አለ ወይ?” ብሎ መዝገቡን ያያል። ካለ ክፍያውን ይጠይቅና መልሱን ይጠብቃል። መልሱ ሲመጣ ክፍሉን በእንግዳው ስም ይጽፋል። የአዲስ አበባው እንግዳ ክፍያ እየተጠበቀ ሳለ የዋሽንግተኗ ጥያቄ ደረሰ። መዝገቡ አሁንም “አንድ ክፍል አለ” ይላል፤ ገና ማንም አልጻፈበትምና። እሷም ክፍያ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተጻፉ።

ብዙ ጀማሪዎች “ፕሮግራሜ የሚሠራው በአንድ መስመር ነው፤ ስለዚህ የሚጋጭ ነገር የለም” ብለው ያምናሉ። እውነትነቱ ግማሽ ነው። ብዙ ትሬድ፣ ማለትም ብዙ የሥራ መስመር ባለው ፕሮግራም አንዱ ሥራ በሌላው መካከል የትም ቦታ ሊገባ ይችላል። በአሲንክሮነስ ግን የሚገባው አዌይት ላይ ብቻ ነው። በሁለት አዌይቶች መካከል ያለው ኮድ ማንም ሳይነካው ያልፋል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በአግባቡ የሚጠቀምበት ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል። መዝገቡ በፕሮግራሙ ማኅደረ ትውስታ (ሜሞሪ) ውስጥ ከሆነ፣ ክፍሉ ነፃ መሆኑን ካዩ በኋላ ክፍያ ከመጠየቅዎ በፊት ወዲያው “ለጊዜው ተይዟል” ብለው ይጻፉበት። ክፍያው ካልተሳካ ወይም አሥር ደቂቃ ካለፈ ይልቀቁት። ምንም ቁልፍ ሳያስፈልግ ችግሩ ተፈታ። እኔ ሁልጊዜ ከዚህ እንዲጀመር እመክራለሁ።

መዝገቡን ማየት ራሱ መጠበቅ የሚጠይቅ ሲሆን ግን ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራመሮች “ሎክ” የሚሉት። ቁልፉን የያዘ ሥራ ይገባል፣ የቀረው ወረፋ ይይዛል። አሲንክአይኦ በተባለው የፓይተን የአሲንክሮነስ መሣሪያ ውስጥ ያለው ሎክ መጀመሪያ የመጣውን መጀመሪያ ያስገባል። እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር አለ። ለትሬድ የተሠራ ሎክና ለአሲንክሮነስ የተሠራ ሎክ ስማቸው አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የትሬዱ ሎክ ሲያዝ የሚጠብቀውን ትሬድ በሙሉ ያስተኛዋል። አሲንክሮነስ ፕሮግራም ደግሞ ያለው ትሬድ ያ አንዱ ነው። እሱ ከተኛ ቁልፉን የያዘው ሥራ ራሱ የሚያራምደው አጥቶ ይቀራል፤ ቁልፉ አይለቀቅም፣ ማንም አይነቃም፣ ፕሮግራሙ ባለበት ይደርቃል። የአሲንክሮነሱ ሎክ የሚያቆየው ወረፋ የያዘውን ሥራ ብቻ ነው፤ ትሬዱ ሌላውን ማስተናገዱን ይቀጥላል።

ቁልፍን ረጅም ጊዜ መያዝም ሌላ ጣጣ አለው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆኖ የሚከፍል ሰው ኔትወርኩ ቢቆራረጥበት፣ መላው ማረፊያ በአንድ ቁልፍ ተዘግቶ እሱን ይጠብቃል? ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቁልፍ ይኑረው። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፦ መተግበሪያው በደባርቅም ክፍል ቢያከራይና ሁለት ጎብኚዎች ሁለቱንም ክፍሎች ቢፈልጉ፣ አንዱ ጎብኚ የጎንደሩን ክፍል ይዞ በስሜን ተራሮች በር በደባርቅ ያለውን ይጠብቃል፣ ሌላው የደባርቁን ይዞ የጎንደሩን ይጠብቃል። ሁለቱም አይለቁም። ዴድሎክ የሚባለው ይህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው ቁልፎቹን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይውሰድ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ጎንደርን አስቀድሞ።

ሴማፎር የሚባል ሌላ መሣሪያም አለ፤ ከሎክ የሚለየው ከአንድ በላይ ማስገባቱ ነው። ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድስገር ዳይክስትራ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አካባቢ ያፈለቀው ሐሳብ ነው፤ ስሙንም ከባቡር ሐዲድ ምልክት ወሰደ። የክፍያ አገልግሎቱ በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ጥያቄ የማይቀበል ከሆነ፣ አምስት የመግቢያ ፈቃድ ያለው ሴማፎር ይበጃል። ኢቨንት የሚባለው ደግሞ “ክፍያው ደረሰ” ብሎ የሚጠብቁትን ሁሉ የሚቀሰቅስ ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ወረፋን ነው። መዝገቡን ለአንድ ሥራ ብቻ ይስጡት፤ ሌሎቹ ጥያቄያቸውን በወረፋ ይላኩለት። መዝገቡን የሚነካው አንድ ብቻ ከሆነ የሚሻማበት የለም፤ ኮዱን በኋላ የሚያነብ ሰውም ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ለአንድ አልጋ ነው ወይ ቢባል፣ ጉዳቱ ከአልጋም ያልፋል፦ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ቴራክ-25 የተባለ የጨረር ሕክምና ማሽን፣ ኦፕሬተሩ ትእዛዙን ፈጥኖ ሲያርም የፕሮግራሙ ሥራዎች እርስ በርስ ሳይናበቡ ቀርተው ታካሚዎችን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር ገድሏል። በአገራችን መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ባንኩ ያለአግባብ የወጣውን 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎ ገለጸ። ምክንያቱን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር አያያዘው እንጂ እንዲህ ካለው የሥራዎች ሽሚያ ጋር አይደለም። ቢሆንም “ገንዘብ አለ ወይ?” የሚለው ጥያቄ በቦታው ሳይገኝ ሲቀር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚሆን አገር በሙሉ አይቷል።

አንድ ገደብ ይቀራል። አሲንክአይኦ ሎክ የሚሠራው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነው። ማረፊያው እንግዳ በዝቶበት ፕሮግራሙን በሁለት ሰርቨር ላይ ቢያስነሳው፣ የአንዱ ቁልፍ ለሌላው አይታየውም። ያን ጊዜ ጥበቃው ወደ ዳታቤዙ መውረድ አለበት፦ ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ከአንድ በላይ መዝገብ እንዳይገባ ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል ማድረግ ነው።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቤቱ ኮድ ለሚማር ወጣት መሞከሪያው ቀላል ነው። በማየቱና በመጻፉ መካከል ሆን ብሎ በአዌይት የሚጠበቅ የሁለት ሰከንድ መዘግየት ያስገባ፣ ለአንዱ ክፍል ሃምሳ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይላክ፣ ስንቱ እንደተሳካለት ይቁጠር። ስህተቱ በተለመደው ሙከራ የማይታየው መልሱ ቶሎ ስለሚመጣ ነው፤ መዘግየቱ ሲገባ ግን ወዲያው ይወጣል።