የሽቦ ጉልበት፦ የውድድር ብስክሌት ጎማ በእጅ እንዴት ይሠራል?

ከመርሳ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የብስክሌት ጎማ በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመርሳ ተነስቶ በስሪንቃ በኩል ሽቅብ የሚወጣ ብስክሌተኛ ወልዲያ እስኪገባ ጎማው ከ14,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። በየዙሩ እያንዳንዱ ሽቦ ወደ መሬት ሲደርስ ትንሽ ይረግባል፤ ሲያልፍ መልሶ ይወጠራል። ሽቦ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው በአንድ ጉድጓድ ምክንያት ሳይሆን በዚህ ድካም ነው፤ የሚበጠሰውም በአብዛኛው ታጥፎ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ውስጥ በሚገባበት አንገቱ ላይ ነው። ጎማ በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ዋና ሥራው ይህን ድካም ማቅለል ነው።

2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሽቦ ሰው እንዴት ይሸከማል? ሽቦን ከላይ ብትጫኑት ይጎብጣል፤ ብትስቡት ግን ብዙ ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ማንም ሳይቀመጥበት በፊት ሁሉንም ሽቦዎች አጥብቆ ይወጥራቸዋል። በጥሩ የፊት ጎማ ላይ አንዱ ሽቦ 100 ኪሎ ያህል በሚሆን ኃይል ይሳባል። ሽቦዎቹ 32 ከሆኑ ቸርኬውን ወደ መሐል የሚጎትተው ኃይል በድምሩ ከ3 ቶን በላይ ነው። ብስክሌተኛው ሲወጣበት የታችኞቹ ሽቦዎች ከዚህ ውጥረት ጥቂቱን ይቀንሳሉ እንጂ ፈጽሞ አይላሉም። ከመጀመሪያው የላላ ሽቦ ግን በየዙሩ ይንገጫገጫል፤ ቀድሞ የሚበጠሰውም እሱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በልኬት ነው። የሽቦው ርዝመት በሞዞው ስፋት፣ በቸርኬው ዙሪያና ሽቦዎቹ በሚጠላለፉበት መንገድ ይወሰናል። ባለ 32 ሽቦ ጎማ ላይ የተለመደው እያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ሌሎችን እንዲያቋርጥ ማድረግ ነው። ሽቦዎቹ ከሞዞው ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ ጎን ጋደል ብለው ስለሚወጡ፣ የፔዳሉን ጉልበት ወደ ቸርኬው ያደርሳሉ። ይህን አሠራር እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ በ1874 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቦታል፤ እስከ ዛሬም የተሻለ አልተገኘለትም ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ ትዕግሥት የሚፈትነው ክፍል ይመጣል። ቸርኬው ወደ ግራና ቀኝ እንዳይወላገድ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይዘል፣ በትክክልም መሐል ላይ እንዲቀመጥ ሽቦዎቹን የሚይዙት ትንንሾቹ ዳዶዎች ሩብ ሩብ ዙር እየተደረጉ ይጠበቃሉ። የኋላው ጎማ ከሁሉም ይከብዳል። በቀኝ በኩል ጥርሶቹ ቦታ ስለሚይዙ፣ የቀኝ ሽቦዎች ከግራዎቹ እጅግ በልጠው ካልተወጠሩ ቸርኬው መሐሉን አይዝም።

ቀጥ ብሎ የሚዞር ጎማ ሁሉ ደህና ጎማ ነው ማለት ግን አይደለም። አንዱ ሽቦ ጠብቆ ጎረቤቱ ላልቶ ቸርኬው ቀጥ ሊል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይወላገዳል። እኔ ከቀጥታው ይልቅ የውጥረቱን እኩልነት አስቀድማለሁ። ባለሙያዎች ለዚህ መለኪያ መሣሪያ አላቸው፤ መሣሪያ የሌለው ደግሞ ክራር እንደሚቃኝ ሰው ሽቦዎቹን በጣቱ እየመታ ያዳምጣል። በአንድ ወገን ያሉ ሽቦዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጡ ውጥረታቸው ተቀራርቧል ማለት ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን የሰጠው አምባሰል መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ጎረቤት ነውና፣ ድምፅ የሚለይ ጆሮ በዚህ አገር አይታጣም። በመጨረሻ ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ እየተያዙ በእጅ በኃይል ይጨመቃሉ፤ በየቦታቸው ይደላደላሉ፣ ከዚያም ሁሉም እንደገና ይፈተሻል።

ኢትዮጵያ ለብስክሌት ውድድር እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ነበሩ፤ በጎዳና ውድድር በቡድን 9ኛ ወጥተዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ዛሬ ትልልቆቹ ቡድኖች ፋብሪካ የሠራላቸውን ጥቂት ሽቦ ያለው ቀላል ጎማ ይጠቀማሉ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ በጎዳና ውድድር ጎማው ቢያንስ 12 ሽቦ እንዲኖረው ያዛል። ቡድኖቹን ከጀርባቸው መለዋወጫ የጫነ መኪና ስለሚከተላቸው ጥቂት ሽቦ ያለው ጎማ ያዋጣቸዋል። በወልዲያና በመርሳ መንገድ ለሚለማመድ ወጣት ግን ባለ 32 ሽቦውን እመርጥለታለሁ፤ አንድ ሽቦ ቢበጠስበት እንኳ ቤቱ ሊያደርሰው ይችላል።

ሽቦ ከተበጠሰባችሁ ጎረቤቶቹን አጥብቃችሁ አትለፉት። የተበጠሰውን ይዛችሁ ሂዱና ልኩን ግዙ፤ ረዝሞ ከተገኘ ጫፉ ካላማዳሪውን ይወጋል፣ ካጠረም ዳዶው በደንብ አይዘውም። አዲሱ ከገባ በኋላ ጠጋኙ የሁሉንም ሽቦዎች ውጥረት እንዲፈትሽላችሁ ጠይቁ።