የአባቴ ላምና የሮክፌለር ቢሮ

አባቴ ወላይታ ሶዶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ላሞቹ ግን ሶዶ አልነበሩም፤ አንዷ ቦዲቲ፣ አንዷ አረካ፣ ሦስተኛዋ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በሰው ቤት ያድሩ ነበር። ልጅ ሆኜ «የኛ ላም ለምን እኛ ቤት አታድርም?» ብለው፣ «እኔ ሣር የት አለኝ? እሱ ሣርም ጉልበትም አለው፣ ላም ነው የሌለው» አለኝ። ዛሬ እዚያው ሶዶ የነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ስለ ኢንቨስትመንት ካነበብኩት ውስጥ ከዚህች መልስ የሚበልጥ ብዙም አላገኘሁም።

ወላይታ ከብትን በድርሻ ማርባት ከጥንትም ያውቅበታል። «ሃራ» ሲሆን ላሟ የሰጪው ናት፤ ተቀባዩ ወተቷን ይጠቀማል፣ ፍጓን ለእንሰቱ ያደርጋል። «ኮታ» (መንግሥት የሚያከፋፍለው ኮታ እንዳይመስላችሁ) የጋራ ባለቤትነት ነው። የሦስተኛው ስም ደግሞ አማርኛ ነው፤ «ትርፍ የጋራ» ይባላል። ከብቱ ሲሰጥ ዋጋው ይገመታል፣ ሲሸጥ ከግምቱ በላይ የተገኘውን ሁለቱ ይካፈላሉ። ዝርዝሩ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል፤ ወለድ ግን የለበትም።

ይህን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የእንሰት መፋቂያ ማሽን መሥራት ጀመረ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ሳንቃው ላይ አንስታ ስትፍቅ ወገቧን እንዴት ያማት እንደነበር ስለማውቅ፣ ሥራውን ሳላየው ነው የወደድኩት። ብድር ሲጠይቅ ግን «መያዣህ ምንድን ነው?» ተባለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1147 ከብትና ማሽን ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ልጁ ያለው ግን ንድፍና ገና ያልተገጣጠመ ብረት ነው፤ ንድፍ ደግሞ በረት አይታሰርም።

ስለዚህ ወደ ቤተሰቡ መጣ። አባታችን ያወረሰን የሱቅ ኪራይ አለ፤ ከወንድሜና ከእህቴ ጋር በጋራ እናስቀምጠዋለን። ታላቅ ወንድሜ ገና ልጁ ተናግሮ ሳይጨርስ «መቼ ነው የሚመልሰው?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ብድር አይደለም። ትርፍ የጋራ ነው» አልኩት።

ዝም አለ። እሱም የቦዲቲዋን ላም ያስታውሳታል።

ፈረንጆቹ እንዲህ ላለው የቤተሰብ ገንዘብ ቢሮ ከፍተውለታል። አሜሪካዊው ባለሀብት ጆን ዲ ሮክፌለር በ1882 (በነሱ አቆጣጠር) የቤተሰቡን ሀብት ብቻ የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ቀጥሮ አንድ ቦታ አስቀመጠ። የልጅ ልጁ ሎራንስ በ1938 ገና ብዙ ባለሀብት ያልደፈረው የአቪዬሽን ሥራ ውስጥ ገብቶ ኢስተርን ኤርላይንስን ደገፈ። ቤተሰቡ በ1969 ቬንሮክ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ እሱም በጅምራቸው ገንዘብ ካፈሰሰባቸው ኩባንያዎች ኢንቴልና አፕል ይገኙበታል። ዛሬ በየአገሩ እንዲህ ያሉ የቤተሰብ ቢሮዎች አሉ፤ አንዳንዱ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ አንዳንዱን ብዙ ቤተሰቦች ተጋርተው ይከፍሉታል። ባንክ የሰው አደራ ስለሚያበድር ይጠነቀቃል፤ የኢንቨስትመንት ፈንዶችም ገንዘብ ላስገቡባቸው ሰዎች በቀጠሮ ይመልሳሉ። ቤተሰብ ግን የራሱን ገንዘብ ስለሆነ የሚያሠራው፣ አሥር ዓመት ቢጠብቅ የሚጠይቀው የለም።

ታዲያ ቢሮው ለምን አስፈለገ? የኛን ቤት ላየ ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ ገንዘብ ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ነው፤ የለቅሶው፣ የትምህርት ቤቱ፣ የሠርጉ። ከዚህ ሁሉ የሚተርፍ አንድ ገንዘብ ብቻ አለ፤ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ። ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ሰው ቢቸገር እንኳ ያንን ሲነካ ያፍራል። የሮክፌለር ቢሮ በኔ አስተያየት የጊፋታ ገንዘብ ነው፤ ዓላማው የተለየ፣ ዘመድ ቢመጣ «አይነካም» የሚል ሰው የተቀመጠበት። በኛ ቤት ያ ሰው እኔ ሆንኩ፤ ሁለት የአክስት ልጆች እስካሁን አያናግሩኝም።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ላም የሶዶ ገበያ ዋጋ አላት። ሐሳብ ስንት ያወጣል? ልጁ ሥራውን ከኛ ግምት እጅግ አብልጦ ገመተው፤ ወንድሜ ከባዶ ጋራዥ እኩል። ሌላ አገር እንዲህ ሲሆን አንድ መላ አላቸው፦ ገንዘቡ ዛሬ ይሰጣል፣ ድርሻው ግን ሌላ ባለገንዘብ መጥቶ ዋጋ ሲተምን በዚያ ዋጋ ላይ ቅናሽ ተደርጎ ይሰላል። እኛ ማን ይመጣል ብለን? ተደራድረን ከአምስት እጅ አንዱን ወሰድን፤ ገንዘቡም በሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ተስማማን፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ማሽኑ ሠርቶ ሲታይ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አስመዝግበን ስለገባን፣ ሥራው ቢወድቅ አበዳሪ የአባታችንን ሱቅ አይነካም።

መውደቅ እኮ ያለ ነው፤ ከጀማሪ ኩባንያ አብዛኛው ይሞታል። ትልልቆቹ ቤተሰቦች በአንድ ሳይሆን በብዙ ላይ ትንሽ ትንሽ የሚበትኑት ለዚህ ነው፤ አባቴም ሦስቱን ላሞች ሦስት ቦታ ያሰረው። የአረካዋ ላም የሞተች ጊዜ አርቢው ገና ሳይነጋ ቆዳዋን ተሸክሞ ደጃችን ቆመ። አባቴ ቆዳውን ገልብጦ አየ፣ ቡና አስፈላለት፣ በዓመቱ ጊደር ሰጠው። ቆዳ ባያመጣ ኖሮ ሁለተኛ ፊቱን አያየውም ነበር። ለእህቴ ልጅም ያዘዝኩት ይኸው ነው፤ በየወሩ ደረሰኝህን ይዘህ ና፣ የከሰረውም ቢሆን ቆዳው ይታይ።

ከላሟ ጋር የማይመሳሰለው ገንዘቡን መልሶ ማውጫው ነው። ላም ሐሙስ ለገበያ ከቀረበች ሐሙስ ትሸጣለች። የማኅበር ድርሻ ግን ገዥ ይፈልጋል፤ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም የጋራዥ ማሽን ድርሻ የሚሸጥበት አይደለም። ልጁ ራሱ አትርፎ መልሶ ይገዛናል፣ ወይ ትልቅ ድርጅት ይጠቀልለዋል፤ ሌላ በር አልታየኝም።

የመጀመሪያው ማሽን ቃጫውን በጣጠሰው፤ ቢላዋው ከልክ በላይ ስል ነበር። አሁን ሁለተኛውን እየሠሩ ነው፣ ሁለተኛው ክፍያም አልተሰጠም። ወንድሜ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጄ ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ላሟ ገና አላረገዘችም?»